«ፈቃዱን ቀሙት!» ላሉን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች በየፊናቸው ላኩልኝ። ሦስቱም ትንሽ አውሮፕላን እንደማበር ያውቃሉ። ሁለቱ «ይሄ ስላንተ ነው» ብለው ቀለዱብኝ። ሦስተኛው ግን «እውነት ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ምላሽ የምጽፈው ለሱ ብዬ ነው።

ጽሑፉ የሚያወራው ፈቃድ ሳይቀበሉ ቁጥጥር ወደሚደረግበት የአየር ክልል በስህተት ስለሚገቡ የግል አብራሪዎች ነው። ሐሳቡ ሲጠቀለል እንዲህ ነው። በጂፒኤስ ዘመን «በስህተት ገባሁ» ማለት ሰበብ ነው። እነዚህ ሰዎች መንገደኛ የጫነ ጄት ላይ አደጋ ይደቅናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው ሴሪቶስ ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው የደረሰው እልቂት ምስክር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ጥፋት ፈቃዳቸው ይነጠቅ። ስህተትን በፈቃደኝነት የማሳወቅ አሠራርም የጥፋተኛ መደበቂያ ስለሆነ ይቅር። መሃል ላይ ደግሞ ጸሐፊው ለጀማሪ አብራሪ ሁለት ምክሮች ጣል አድርገዋል። ከሁሉም ያስደነገጡኝ እነሱ ናቸው። መጨረሻ ላይ እመለስባቸዋለሁ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ስጋታቸውን ግን እጋራለሁ። እኔም ብዙውን ጊዜ የምጓዘው በትልቁ አውሮፕላን፣ ቀበቶዬን አስሬ፣ ፊት ያለውን አብራሪ ማመን ብቻ ይዤ ነው።

ለአንባቢ ትንሽ ላብራራ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አመዳደብ ሰማዩ ከኤ እስከ ጂ በሰባት ክፍል ይከፈላል። ኤ ጥብቁ ነው፤ በዓይን እያዩ ብቻ ለሚበሩ ዝግ ነው። ጂ ማንም የማይቆጣጠረው ነው። መካከል ያሉት እንደየደረጃቸው ፈቃድ፣ ሬዲዮ ወይም ትራንስፖንደር ይጠይቃሉ። ትራንስፖንደር ማለት ለራዳር «እዚህ ነኝ፣ ከፍታዬ ይሄ ነው» እያለ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በትልልቅ አየር ማረፊያዎች ዙሪያ ያለው ክልል ታች ጠበብ፣ ላይ ሰፋ ያለ ነው። አሜሪካውያን የተገለበጠ የሠርግ ኬክ ይሉታል። ጄቶች ከሩቅ ጀምረው ቀስ እያሉ ስለሚወርዱ፣ ከማኮብኮቢያው ሲርቁ የክልሉ ወለል ከፍ ይላል፤ ሲቀርቡ መሬት ይነካል። ትንሿ አውሮፕላን በዚያ ወለል ስር ማንንም ሳትጠይቅ ማለፍ ትችላለች። ሕጋዊ ነው። ጣጣው የሚመጣው እዚያ የኬኩ ጠርዝ ስር ነው።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቻቸው።

«ጂፒኤስ እያለ ማን ይሳሳታል?»

ማንም ይሳሳታል። እኔ ጭምር።

ጂፒኤስ ያለንበትን ቦታ ያሳያል። የታብሌቱ ካርታ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ክልሉ ወለልና ጣሪያ አለው። ስሩ እያለፉ ይሁን ውስጡ ገብተው የሚለየው መስመሩ ጎን በደቃቁ የተጻፈ ቁጥር ነው። ማስጠንቀቂያ የሚሰጡ አፖች አሉ፤ እውነት ነው። ግን ጠርዝ ለጠርዝ ሲበሩ በየደቂቃው ስለሚጮሁ ብዙ ሰው ድምፃቸውን ያጠፋቸዋል። ታብሌት ፀሐይ ሲመታው ይግልና ቀጥ ይላል። የበረራ ካርታ ደግሞ በየ28 ቀኑ የሚታደስ ነገር ነው። ማደሱን የረሳ ሰው የሚያየው ያለፈውን ወር ሰማይ ነው። ጊዜያዊ እገዳ ከተጣለ ጭራሽ ካርታው ላይ ላይኖር ይችላል፤ ከመነሳት በፊት ማስታወቂያውን ማንበብ ግድ ነው።

ፍጥነቱንም አስቡት። ተራ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በ120 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 120 ኖቲካል ማይል (ወደ 220 ኪሎ ሜትር) ትበራለች እንበል። በደቂቃ ሁለት ኖቲካል ማይል ነው። አብራሪው ለደቂቃ ተኩል ዓይኑን ወደ ኮክፒቱ ውስጥ ከመለሰ ሦስት ማይል ሄዷል። አቅጣጫው በ10 ዲግሪ ከተዛነፈና 30 ማይል እንዲሁ ከተጓዘ ከመንገዱ አምስት ማይል ወጥቷል። መሪው ላይ ያለች አንዲት እጅ ሳታውቀው ጫን ስትል ይበቃል።

የራሴን ልናገር። ፈቃድ ባወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ጓደኛዬን ይዤ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ እየበረርኩ ነበር። ከፍታ መለኪያ ማለት በሌላ አነጋገር የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ግፊቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የአካባቢውን ቁጥር እየጠየቁ መሙላት ያስፈልጋል። እኔ ስነሳ የሞላሁት 1007 ሄክቶፓስካል ነው። መንገዴ ላይ በአንድ ትልቅ አየር ማረፊያ ክልል ወለል ስር ማለፍ ነበረብኝ። ወለሉ 2,500 ጫማ ነው። እኔ 2,400 ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው፤ መቶ ጫማ ብቻ ትቼ መሄዴ። ከታች ኮረብታው ላይ ንፋሱ ስለሚንጠን ዝቅ ማለቱን አልወደድኩትም።

አዲሱን የግፊት ቁጥር ልጠይቅ ስል ጓደኛዬ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሊያስመልሰኝ ነው» አለ። ከረጢቱ ከመቀመጫዬ ጀርባ ኪስ ውስጥ ነው። በግራ እጄ መሪውን ይዤ በቀኜ ስዳብስ፣ «ሩቅ ሩቅ እያየህ ተንፍስ» ስለው፣ ከረጢቱን ስከፍትለት፣ ቁጥሩ ተረሳ።

ደግነቱ ሬዲዮዬን የዚያ አየር ማረፊያ ተቆጣጣሪዎች ላይ አድርጌ እያዳመጥኩ ነበር። ድንገት የአውሮፕላኔ መለያ ተጠራ። ሴት ናት። ድምፅዋ እንደ ባንክ ሠራተኛ የተረጋጋ ነው። ከፍታዬን ጠየቀችኝ። «2,400» አልኩ፣ በሙሉ ልብ። «እኔ ጋ 2,600 ይላል። የአካባቢው ግፊት 1014 ነው» አለችኝ። ክው አልኩ። ማዞሪያዋን ይዤ ወደ 1014 ሳመጣት መርፌው ዓይኔ እያየ ሽቅብ ሄደ። 2,590 ገደማ ላይ ቆመ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሄክቶፓስካል ወደ 27 ጫማ ነው። ሰባት ብሳሳት 190 ጫማ ገደማ ዋሸኝ። ትራንስፖንደሩ ደግሞ ከፍታ የሚልከው እኔ በሞላሁት ቁጥር ሳይሆን ለሁሉም አውሮፕላን አንድ በሆነ መነሻ ነው፤ ራዳሩ ጋ ሲደርስ በአካባቢው ግፊት ይታረማል። ስለዚህ እኔ ያላየሁትን ስህተት እሷ አየችው። በዚያን ሰዓት ጂፒኤሴ በርቶ ነበር። ታብሌቱም እየሠራ ነበር። ጂፒኤስም የራሱን ከፍታ ያሳያል፤ ነገር ግን አየር ላይ ሁላችንም የምንግባባው በግፊት ከፍታ ስለሆነ ዓይናችን እዚያ መርፌ ላይ ነው።

ወደ 2,300 እንድወርድ ነገረችኝ። ከኋላዬ ሊያርፍ የሚመጣ ጄት ለኔ ሲባል 4,000 ላይ ቆይቶ ነበር፤ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ከዚያ ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ፣ ካረፍኩ በኋላ እንድደውል። ጭኔ ላይ ያሰርኳት ወረቀት ላይ ጻፍኩት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሰባቱና አንዱ አልለይ ብለውኝ ኋላ ላይ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ጋ ደወልኩ።

ቸልተኛ ነበርኩ? መቶ ጫማ ብቻ መተዌ ቸልተኝነት ነው ቢሉኝ አልከራከርም። ካርታ ማንበብ አይችልም ካሉኝ ግን ካርታው ጭኔ ላይ ነበር፤ ወለሉንም በቀይ አክብቤው ነበር።

«ሴሪቶስ ምስክር ነው»

ነው። ግን ምስክርነቱን እስከ መጨረሻው እንስማው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኦገስት 31 ቀን 1986፣ እኩለ ቀን ሊሆን ደቂቃዎች ሲቀሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሦስት ሰው የያዘች ፓይፐር አርቸር ከቶራንስ ተነስታ ወደ ቢግ ቤር እየሄደች ነው። ከሜክሲኮ የመጣ የኤሮሜክሲኮ ዲሲ-9 ጄት ሎስ አንጀለስ ሊያርፍ እየወረደ ነው። ትንሿ አውሮፕላን ያለ ፈቃድ የሎስ አንጀለስን ቁጥጥር ክልል ገብታ ነበር። ወደ 6,500 ጫማ ላይ የጄቱን የጅራት ክንፍ መታችው። ጄቱ ውስጥ 64፣ ትንሿ ውስጥ 3፣ ታች ሴሪቶስ ሰፈር ውስጥ ደግሞ 15 ሰዎች ሞቱ። 82 ሰው።

ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ በትክክል ጽፈዋል። ያቆሙትም እዚህ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጉዳዩን ሲመረምር የአደጋው ዋና መንስኤ ብሎ ያስቀመጠው የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ሥርዓቱን ነው፤ በአሠራሩም ሆነ በመሣሪያው ከግጭት የመከላከል አቅሙ ውሱን ነበር አለ። የፓይፐሯ ሳያውቁ ያለ ፈቃድ መግባት በአባባሽ ምክንያትነት ተመዘገበ። ሁለተኛው አባባሽ «አይተህ ተጠንቀቅ» የሚባለው መርህ ራሱ ነው፤ ዓይን የማይችለውን እንዲችል መጠበቁ።

ይህን ሁለተኛውን ያላበረረ ሰው በቀላሉ አያምነውም። ጥርት ባለ ሰማይ እንዴት ግዙፍ ጄት አይታይም? ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይናችን የሚነቃው ለሚንቀሳቀስ ነገር ነው። አጠገባችን የሚያልፍ አውሮፕላን መስታወቱ ላይ ይሄዳል፤ እናየዋለን። ሊጋጨን የሚመጣው ግን መስታወቱ ላይ ቦታውን አይለቅም። አንዲት ነጥብ ናት። ከሞተ ነፍሳት እድፍ አትለይም። ነጥቧ እዚያው ቆማ ትቆይና የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ላይ በአንዴ ታብጣለች። መስታወቱን የሚደግፈው ብረት ጀርባ ከሆነች ደግሞ ጭራሽ አትታይም።

ለጸሐፊው የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምርላቸው። በዚያችው ሰዓት ተቆጣጣሪው ያለ ፈቃድ ከገባ ሌላ ትንሽ አውሮፕላን ጋር ሬዲዮ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ጥሰት የተቆጣጣሪን ትኩረት ይሰርቃል ሲሉ እውነታቸውን ነው። በኔ ምክንያት ጄቱን 4,000 ላይ ያቆመችው ሴትዮም ሥራ ፈት አልነበረችም።

ግን ከሴሪቶስ በኋላ ምን ተደረገ? ፓይፐሯ ትራንስፖንደር ነበራት፤ ከፍታ አይልክም እንጂ። ስለዚህ በትልልቅ አየር ማረፊያዎች ዙሪያ በ30 ኖቲካል ማይል ውስጥ ከፍታ የሚልክ ትራንስፖንደር ግዴታ ሆነ። በ1987 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣና ትልልቅ የመንገደኛ ጄቶች ግጭት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲገጥሙ ተገደዱ፤ ቲካስ የሚባለውን። እስከ 1993 መጨረሻ ተገጥሞ አለቀ። ዛሬ ጄት ውስጥ ለተቀመጥን ሰዎች የተረፈን ይሄ ነው። ቲካስ የሚያየው ግን ትራንስፖንደሩን የከፈተ አውሮፕላን ብቻ ነው። የጠፋበትን አያየውም። ከፍታ የማይልከውን ደግሞ «አጠገብህ አለ» ይላል እንጂ «ውጣ»፣ «ውረድ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ይህችን ነገር ያዟት።

«በመጀመሪያው ጥፋት ፈቃዱ ይነጠቅ»

ጸሐፊው ለዚህ ያመጡት ምሳሌ የሜይ 11 ቀን 2005ቱን የዋሽንግተን ጉዳይ ነው። አንዲት ሴስና 150 የተከለከለው ክልል ውስጥ ገብታ ወደ ከተማው መሃል ገሰገሰች። ኤፍ-16 ጄቶችና ብላክሆክ ሄሊኮፕተር ተላኩባት፣ ጄቶቹ የብርሃን ተኩስ ተኮሱ፤ ዋይት ሐውስና ካፒቶል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እየሮጠ ወጣ። መሪውን የያዘው ተማሪ ነበር። ፈቃድ ያለው አብራሪ አጠገቡ ተቀምጧል። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በኋላ የፈቃድ ባለቤቱን ፈቃድ ሰረዘ።

ልክ ነው የተሰረዘው። የት እንዳለ የማያውቅ፣ ቢያጅቡትም ቶሎ ያልገባው ሰው መሪ ላይ መመለስ የለበትም። ግን ልብ በሉ፤ ያ የሆነው አሁን ባለው ሕግ ነው። መሰረዝ ድሮም አለ። ጸሐፊው የሚጠይቁት ያ ሰውና ሁለት ደቂቃ የግፊት ቁጥር የረሳ ሰው አንድ ቅጣት እንዲቀበሉ ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ከ2015 ወዲህ ሆን ተብሎ ያልተሠራን ስህተት በሥልጠናና በምክር ማረምን ያስቀድማል፤ ሆን ብሎ ወይም በግዴለሽነት ያጠፋውን ግን ይቀጣል። እኔም የደረሰብኝ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደወልኩ፣ ስድስት ደቂቃ አወራን፣ ከአስተማሪ ጋር አንድ ተጨማሪ በረራ አድርግ ተባልኩ። አስተማሪው በዚያች በረራ የከፍታ መለኪያዬን ሆን ብሎ እያዛባ አራት ጊዜ አላበኝ።

«ማሳወቅ የጥፋተኛ መደበቂያ ነው»

ይህ ነጥባቸው ነው ረጅም መልስ የሚያስፈልገው።

ዲሴምበር 1 ቀን 1974። የአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ በረራ 514፣ ቦይንግ 727፣ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው ደለስ አየር ማረፊያ እየተጠጋ ነው። ተቆጣጣሪው ለማረፍ መጠጋት እንደሚችሉ ፈቀደ። አብራሪዎቹ ይህ ማለት ወደ 1,800 ጫማ መውረድ እንችላለን ማለት ነው ብለው ተረዱ። ተቆጣጣሪው ደግሞ ተራራው እስኪያልፍ ከፍታቸውን ይጠብቃሉ ብሎ አሰበ። አውሮፕላኑ ቨርጂኒያ ውስጥ ተራራ መታ። 92 ሰዎች ነበሩበት፤ አንድም አልተረፈም።

ከዚያ በፊት በስድስት ሳምንት ገደማ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች እዚያው ቦታ ላይ እዚያው አረዳድ ውስጥ ገብተው ነበር። ለጥቂት ተረፉ። ለድርጅታቸው ነገሩ። ድርጅታቸው ለራሱ አብራሪዎች አስጠነቀቀ። የሌላው አየር መንገድ አብራሪዎች ግን ምንም አልሰሙም፤ የሚሰሙበት መንገድ አልነበረምና።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እዚህ ጋ ነው። በ1975 የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ስህተትን በፈቃደኝነት የማሳወቅ ፕሮግራም ጀመረ። ችግሩ ቶሎ ታየ። የሚቀጣህ ሰው ጋ ሄደህ ጥፋትህን ትናገራለህ እንዴ? ስለዚህ በ1976 ሥራው ለናሳ ተሰጠ። ናሳ አይቀጣም፣ ፈቃድም አይሰጥም። ሪፖርቱን ይቀበላል፣ ስም ይፍቃል፣ ትምህርቱን ለሁሉም ያሰራጫል። እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ገብቷል።

ጸሐፊው «አንድ ቅጽ ሞልቶ ያመልጣል» ይላሉ። ቅጹን አላዩትም መሰለኝ። ከቅጣት የሚያድነው ስህተቱ ሆን ተብሎ ያልተደረገ ከሆነ ነው። ወንጀል ወይም አደጋ ከሆነ አይሠራም። የብቃት ጉድለት ከሆነም አይሠራም። ሰውየው ባለፉት አምስት ዓመታት በሌላ ጥሰት ተገኝቶ ከሆነ አይሠራም። በአሥር ቀን ውስጥ ካልተላከም አይሠራም። ያን ሁሉ ቢያሟላ እንኳ የሚቀርለት ቅጣቱ ነው፤ ጥሰቱ መዝገቡ ላይ ሊሰፍር ይችላል። እና መደበቂያ ከሆነ በጣም ጠባብ መደበቂያ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2014 ባወጣው ደንብ ተመሳሳይ ጥበቃ አድርጓል፤ እዚያም ሆን ብሎ ያጠፋው ወይም አደጋውን እያወቀ የናቀው አይሸፈንም።

አሁን ያቺን «ያዟት» ያልኳችሁን አምጡ። ጸሐፊው እንዳሉት ይሁን። አንድ ጀማሪ አብራሪ፣ ሥልጠናውን በቁጠባ የከፈለ፣ ራሱን ክልሉ ውስጥ ያገኛል። ከተናገረ ፈቃዱ ይሄዳል፤ ያውቃል። እጁ ላይ ደግሞ አንዲት ማጥፊያ አለች። ትራንስፖንደሩን ቢያጠፋው መለያውም ከፍታውም ከራዳሩ ላይ ይጠፋል። ከአጠገቡ ያለው ጄት ቲካስም ይታወራል። በ1993 የተሟላው መከላከያ በሙሉ በአንድ ጣት ፈረሰ ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ያ የፈራ ልጅ ከመርማሪ ይልቅ ከተቆጣጣሪ ጋር ቶሎ እንዲያወራ እፈልጋለሁ፤ ጄቱ ውስጥ እናቴ ትኖርበት ይሆናል።

ሁለቱ ምክሮች

ጸሐፊው መሃል ላይ «ራስህን ውስጥ ካገኘህ ተቆጣጣሪውን ሳታጨናንቅ ዝቅ ብለህ ቶሎ ውጣ» የሚል ነገር ጽፈዋል። ቅን ምክር ይመስላል። እባካችሁ አትስሙት።

ተቆጣጣሪዋ ከኛ በፊት አይታናለች። ማን እንደሆንን፣ ምን እንደምናደርግ ስለማታውቅ ጄቶቹን ከኛ ማሸሽ ጀምራለች። የምታሸሻቸው ግን አሁን በምንሄድበት አቅጣጫና ከፍታ ተመሥርታ ነው። እግሬ አውጪኝ ብለን ድንገት ስንጠመዘዝና ስንወርድ ሒሳቧን አፈረስነው። ጄቱን በኛ ስር ልካው ቢሆንስ?

አስተማሪዬ ያስያዘኝ ቅደም ተከተል አጭር ነው። አውሮፕላኗን አብር፣ ክንፏን ቀጥ አድርግ። የምትሰማውን ፍሪኩዌንሲ ጥራ። ማን ነኝ፣ የት ነኝ፣ ከፍታዬ ስንት ነው፣ «ክልላችሁ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፣ ምን ላድርግ?»። ትክክለኛውን ፍሪኩዌንሲ ካላወቅህ 121.5፤ የአደጋ ጊዜ መስመር ነው፣ የሚያዳምጥ አይጠፋም። የት እንዳለህ ካላወቅህ አላውቅም በል፤ ራዳሩ ያውቃል። ትራንስፖንደሩን አትንካ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ማጨናነቅ አይባልም።

ተዋጊ ጄት ጎንህ መጥቶ ክንፉን ካወዛወዘ ደግሞ አንተም አወዛውዝና ተከተለው። ይህ በዓለም አቀፍ ደንብ የተጻፈ ምልክት ነው። ጸሐፊው «አንድ ቀን ተኩሰው ይጥሏቸዋል» ብለው ማስፈራራታቸውን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው። በ1983 የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ አገሮች በበረራ ላይ ባለ የሲቪል አውሮፕላን ላይ መሣሪያ ከመጠቀም እንዲቆጠቡ አገሮች ስለ ሲቪል አቪዬሽን የፈረሙት የቺካጎ ስምምነት በ1984 ማሻሻያ ጸድቆለታል።

ሁለተኛው ምክር ይብሳል። ጸሐፊው «ተቆጣጣሪው ስታንድባይ (ጠብቅ) ካለህ መግባት ትችላለህ» ብለው ደምድመዋል። ይህ የሆነ ቦታ የሰሙት ግማሽ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ቅድም ከጠቀስኳቸው ክፍሎች ክላስ ሲ እና ክላስ ዲ በሚባሉት ክልሎች ተቆጣጣሪው የአውሮፕላንህን መለያ ጠርቶ «ስታንድባይ» ካለህ ግንኙነት እንደተፈጠረ ይቆጠራል፤ ሌላ ካላዘዘህ መግባት ትችላለህ። መለያህን ሳይጠራ «የጠራኸን አውሮፕላን፣ ስታንድባይ» ካለ ግን አልተቆጠረም፤ ውጭ ቆይ። እዚያው አሜሪካ ክላስ ቢ ከሆነ ደግሞ «ወደ ክላስ ቢ መግባት ተፈቅዶልሃል» የሚል ቃል በጆሮህ መስማት አለብህ፤ አሥር ጊዜ ስምህን ቢጠሩህ ፈቃድ አይሆንም። በሌላው ዓለም ግን መነሻው የዓለም አቀፉ ድርጅት አመዳደብ ነው፤ በዚያ ደግሞ ክላስ ዲ ራሱ ግልጽ ፈቃድ ይፈልጋል። እዚያ «ስታንድባይ» ማለት ጠብቅ ማለት ብቻ ነው።

ስለ ቅጣቱ ከጸሐፊው ጋር ላንስማማ እንችላለን። ይህችን የስታንድባይ አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ቢያርሟት ደስ ይለኛል። ጽሑፋቸውን ከላኩልኝ ሦስት ሰዎች አንዱ በሚቀጥለው ወር ሥልጠና ይጀምራል።